ክላሽ፣ ፈቃድና ሕግ፦ የሐይቅና የአምባሰል ባለመሣሪያ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ በኩል ወደ ወልዲያ የሚጓዝ መንገደኛ የአምባሰሏን ውጫሌን ሳያይ አያልፍም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚሁ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ የተፈረመው የውጫሌ ውል በሁሉም ዘንድ የሚታወሰው በአንቀጽ 17 ነው። አንቀጽ 6 ግን እምብዛም አይነሣም። ይህ አንቀጽ የጦር መሣሪያን ጉዳይ ይመለከታል። በምፅዋ በኩል መሣሪያና ጥይት ማስገባት የተፈቀደው ለምኒልክ ብቻ ነበር፤ እሳቸውም ቢሆኑ ማኅተም ያረፈበት ጥያቄ ለጣሊያን ሹማምንት ማቅረብ ነበረባቸው። መሣሪያ ማን ያስገባ፣ ማን ይታጠቅ፣ ማን ይፍቀድ የሚለው ክርክር ለዚህ አካባቢ የትናንት እንግዳ አይደለም ማለት ነው።

ዛሬ በሐይቅ ከተማም ሆነ በአምባሰል ቀበሌዎች የሚነሣው ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው። ወታደር ወይም ፖሊስ ያልሆነ ሰው ክላሽ መያዝ ይችላል ወይ? ፈቃድ አለኝ የሚለውስ እስከ ምን ድረስ ይጠብቀዋል? ከአባቱ የወረሰው፣ ከጦርነት በኋላ ወድቆ ያገኘው፣ በሬ ሸጦ የገዛው ሰው በሕግ ፊት እንዴት ይታያል?

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ በኢትዮጵያ ሕግ መሣሪያ መያዝ ማንም ሰው አብሮት የሚወለድ መብት ሳይሆን መንግሥት በፈቃድ የሚሰጠው ነገር ነው። ከመሣሪያዎች ሁሉ ደግሞ ጥብቅ ክልከላ ያለበት አውቶማቲኩ ነው። ረጅሙ መልስ ከዚህ በታች አለ።

አውቶማቲክ የሚባለው የትኛው ነው?

ምንሽር፣ ቤልጅግና ለበን የመሳሰሉት የቀድሞ ጠብመንጃዎች አንድ ጥይት ከተኮሱ በኋላ ተኳሹ በእጁ ካላቀባበለ ሌላ አይተኩሱም። ተኳሹ የቱንም ያህል ቀልጣፋ ቢሆን በሁለት ተኩስ መካከል ጥቂት ጊዜ ማለፉ አይቀርም።

ግማሽ አውቶማቲክ የሚባለው መሣሪያ ራሱን በራሱ ያቀባብላል፤ ነገር ግን ምላጩ አንድ ጊዜ ሲሳብ የሚወጣው አንድ ጥይት ብቻ ነው። ሁለተኛ ለመተኮስ ጣትን ለቅቆ እንደገና መሳብ ያስፈልጋል።

ሙሉ አውቶማቲክ ግን ምላጩ ተስቦ እስከተያዘ ድረስ ካዝናው ባዶ እስኪሆን መተኮሱን አያቆምም። መትረየስ የዚህ ዓይነት ነው። ክላሽ ደግሞ ሁለቱንም ይሠራል። በቀኝ ጎኑ ያለው መምረጫ ከላይ ሲሆን መሣሪያው ዝግ ነው፤ መካከል ላይ ሲደርስ በተከታታይ ይተኩሳል፤ ታች ሲወርድ ነጠላ ይተኩሳል። ስለዚህ «እኔ በነጠላ እንጂ በተከታታይ ተኩሼበት አላውቅም» ማለት የመሣሪያውን ዓይነት አይለውጠውም። ሕግ የሚመዝነው መሣሪያው ማድረግ የሚችለውን ነው።

ቁጥሩን እንየው። በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በሶቪየቱ ሚካኤል ካላሽኒኮቭ የተነደፈው ይህ መሣሪያ በደቂቃ ወደ 600 ጥይት የመተኮስ ፍጥነት አለው። በሴኮንድ 10 ማለት ነው። የተለመደው ካዝና 30 ጥይት ስለሚይዝ በሦስት ሴኮንድ ይራገፋል። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጥይቶች በኋላ አፈሙዙ ወደ ላይ መነሣት ይጀምራል፤ የተቀሩት ጥይቶች የት እንደሚያርፉ ተኳሹ ራሱ በእርግጠኝነት አያውቅም። ጥይቱ ደግሞ ከታለመለት ቦታ አልፎ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ሰው ሊገድል ይችላል። በአምባሰል ተዳፋት ላይ ቤቶች አንዱ ከሌላው በላይና በታች ተደርድረው በሚሠሩበት ቀበሌ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለነዋሪው መንገር አያስፈልግም።

ሌላም ምክንያት አለ። በወሎ ደም አድራቂ የሚባሉ ሽማግሌዎች የተጣሉ ወገኖችን ሲያስታርቁ ኖረዋል። ሥርዓቱ ገዳይና ሟች፣ የገዳይ ወገንና የሟች ወገን ተለይተው የሚታወቁበት ነው። አንድ ሰው በንዴት ተነሥቶ ክላሽ ሲያርከፈክፍ ግን ከጠላቱ ጋር መንገደኛውን፣ እረኛውን፣ አስታራቂውን ጭምር ይመታል። በአንድ ቀን ሦስት አራት ቤተሰብ ባለደም ይሆናል። ሽማግሌ አንዱን ደም ሲያደርቅ ሌላው ይከፈታል። በአውቶማቲክ መሣሪያ ላይ የሚጣለው ገደብ ከውጭ የመጣ ሐሳብ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ሽምግልናውን ራሱን የሚያዳክመው ምን እንደሆነ የአገር ሽማግሌ ይጠይቅ።

የአገሪቱ ሕግ ምን ይላል?

ከላይ እንጀምር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ስለ ዜጎች መብት ሲዘረዝር መሣሪያ መታጠቅን አላካተተም። በአንጻሩ አንቀጽ 51 የፌዴራሉን መንግሥት ሥልጣን ሲቆጥር፣ ጦር መሣሪያ ስለ መያዝ ሕግ የሚያወጣው የፌዴራሉ መንግሥት እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ የክልልም ሆነ የወረዳ አስተዳደር በራሱ መመሪያ የፌዴራሉን ሕግ ሊያሰፋው ወይም ሊሽረው አይችልም።

በዚህ ሥልጣን መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅን አጸደቀ። ቁጥሩ 1177/2012 ነው። አዋጁ በወጣበት ጊዜ በልዩ ልዩ የአገሪቱ አካባቢዎች ግጭት ተበራክቶ፣ የኮንትሮባንድ መሣሪያም በየኬላው ይያዝ ነበር። የአዋጁ ዋና ዋና ነጥቦች ለተራው ባለመሣሪያ እንዲህ ይነበባሉ።

አንደኛ፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው። ፈቃድ የመስጠትና የመቆጣጠር ኃላፊነት የተጣለው በፌዴራል ፖሊስ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ፈቃድ ጠያቂው የዕድሜ ገደብ አለበት፤ አንድ ሰው ሊይዝ የሚችለው መሣሪያ ብዛትም ተወስኗል። ቤት ሙሉ መሣሪያ ማከማቸት በፈቃድ ሽፋን የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፣ መሣሪያ መያዝ የቆየ ልማድ በሆነባቸው አካባቢዎች የሚኖሩ ሰዎች አስመዝግበውና ፈቃድ አውጥተው እንዲይዙ አዋጁ በር ከፍቷል። ወሎን ጨምሮ የአማራ ክልል ገጠር ባለመሣሪያ በአብዛኛው ራሱን የሚያገኘው በዚህ በር ላይ ነው። ይሁን እንጂ ልማዱ በር ይከፍታል እንጂ ፈቃዱን አይተካም። «አባቶቻችንም ይታጠቁ ነበር» የሚለው ቃል የምዝገባ ወረቀት ሊሆን አይችልም።

አራተኛ፣ መሣሪያ ማዘዋወር፣ መነገድና ማከማቸት ከመያዝ የተለየና እጅግ የከበደ ወንጀል ነው። ከአዋጁ በፊትም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 481 ያልተፈቀደ የጦር መሣሪያ ንግድን ያስቀጣ ነበር። አንድ ክላሽ ለጎረቤት የሸጠ ገበሬ ራሱን ነጋዴ ብሎ ላይጠራ ይችላል፤ ሕጉ ግን ገዢውን ብቻ ሳይሆን ሻጩንም ይጠይቃል።

ስለ አውቶማቲክ ለይቶ የሚናገረው ስምምነት

ብዙ ሰው የማያውቀው ሰነድ እዚህ ላይ ይመጣል። ሚያዝያ 13 ቀን 1996 ዓ.ም. የታላላቅ ሐይቆችና የአፍሪካ ቀንድ አገሮች ናይሮቢ ላይ አንድ ፕሮቶኮል ተፈራርመዋል። ኢትዮጵያ ከፈራሚዎቹ አንዷ ናት፤ ኬንያ፣ ሱዳን፣ ኡጋንዳና ጅቡቲም አሉበት። የናይሮቢ ፕሮቶኮል አባል አገሮች በየሕጋቸው እንዲያስገቡ ከሚያስገድዳቸው ነጥቦች አንዱ ግልጽ ነው፦ ሲቪል ሰው አውቶማቲክና ግማሽ አውቶማቲክ ጠብመንጃ፣ መትረየስና ሌሎች ከባድ የቡድን መሣሪያዎች እንዳይዝና እንዳይጠቀም ሙሉ በሙሉ እንዲከለከል። የቀሩት ቀላል መሣሪያዎች ደግሞ በማዕከል እንዲመዘገቡና እያንዳንዱ መሣሪያ መለያ ምልክት እንዲኖረው ይጠይቃል።

ፕሮቶኮሉ የሄደው ከብዙ አገሮች ሕግ በላይ ነው፤ ግማሽ አውቶማቲኩን ሳይቀር ከሲቪል እጅ አውጥቷልና። ክላሽ ደግሞ ሙሉ አውቶማቲክ በመሆኑ በየትኛውም አቆጣጠር ከክልከላው አያመልጥም።

እንግዲህ ባለመሣሪያው በሁለት ነገሮች መካከል ቆሟል። በአንድ በኩል አገሪቱ የገባችው ቃል አውቶማቲክ ከሲቪል እጅ ይውጣ ይላል። በሌላ በኩል የአገር ውስጡ አሠራር ልማድ ላለበት አካባቢ የፈቃድ በር ከፍቷል፤ በገጠሩ እጅ ያለው መሣሪያ ደግሞ በአብዛኛው ክላሽ ነው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው። ዛሬ በክላሽ ላይ የተሰጠ ፈቃድ ጠባቂ ወረቀት ቢሆንም ለዘለዓለም የሚጸና መብት አይደለም፤ የሕጉ አቅጣጫ ወደ መጥበብ እንጂ ወደ መስፋት አይሄድም።

ይህ ሁሉ መሣሪያ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1890 የአውሮፓ መንግሥታት ብራስልስ ላይ ባደረጉት ስምምነት ከሰሜን 20ኛው እስከ ደቡብ 22ኛው የኬክሮስ መስመር ባለው የአፍሪካ ምድር ዘመናዊ መሣሪያ እንዳይገባ ተከለከለ። ኢትዮጵያ በዚሁ ክልል ውስጥ ናት። ምኒልክ ግን ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ መሣሪያ ማሰባሰባቸውን አላቆሙም፤ የዓድዋ ሠራዊት የተዋጋው በዚያ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር ስለ መሣሪያ አገባብ ውል ፈረመች። ከአምስት ዓመት በኋላ ጣሊያን ሊወርር ሲዘጋጅ ግን መሣሪያ እንዳይሸጥ የተጣለው እቀባ ክፉኛ የጎዳው የራሱ ፋብሪካ የሌለውን ወገን ነበር። «መሣሪያህን አስረክብ» የሚለው ቃል በገበሬው ጆሮ ጥርጣሬ የሚያጭርበት ምክንያት ከዚህ ታሪክም ይመነጫል።

ክላሹ ግን የመጣው ኋላ ነው። ከ1969 እና ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ደርግ ከሶቪየት ኅብረት በገፍ ያስገባው መሣሪያ ለሠራዊቱና ለሚሊሻው ታደለ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ያ ሠራዊት ሲበተን ወታደሩ መሣሪያውን እንደያዘ ወደየቀዬው ገባ፤ የራበው ለስንቅ፣ የደከመው ለመሳፈሪያ ሸጠው። ምንሽር የነበረበት ማገር ላይ ክላሽ ተሰቀለ።

ጦርነቱ ሕጉን እንዴት አገኘው?

አዋጅ 1177 ጸድቆ ዓመት ሳይሞላው፣ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ውጊያው ወደ ደቡብ ወሎ ደረሰ፤ ውጫሌ፣ ሐይቅ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብተው እስከ ኅዳር መጨረሻ ገደማ ቆዩ። በዚያ ሰሞን መንግሥት ሕዝቡ ያለውን መሣሪያ ይዞ እንዲዘምት ጥሪ አቀረበ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ የአዲስ አበባ ነዋሪ በሁለት ቀን ውስጥ መሣሪያውን እንዲያስመዘግብ ተነገረው።

አንዱ ዜጋ «ያለህን ይዘህ ና»፣ ሌላው «ያለህን አስመዝግብ» ተባለ ማለት ነው። ሁለቱም ትእዛዝ የራሱ ምክንያት ነበረው፤ በገበሬው አእምሮ ውስጥ ግን የፈቃዱን ሕግ አደበዘዘው። ጦርነቱ ሲያልፍ በየሸለቆው የተጣለ፣ በየቤቱ የቀረ መሣሪያ ብዙ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ሲወሰንና በአማራ ክልል አዲስ ግጭት ሲነሣ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። የመሣሪያ ጉዳይም ከፖሊስ መዝገብ ወጥቶ የፖለቲካው ዋና መከራከሪያ ሆነ።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። ጸጥታው ባልረጋበት ቀበሌ የሚኖር ገበሬ «መሣሪያዬን ባስረክብ ከብቴን ማን ይጠብቅልኛል? ሌሊት በሬን ለሚያንኳኳ ማን ይደርስልኛል?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። ሕግ አስከባሪው ይህን ጥያቄ መመለስ ካልቻለ አዋጁ በወረቀት ይቀራል። ነገር ግን የገበሬው መልስ ሁሉም ሰው አውቶማቲክ ይታጠቅ የሚል ከሆነ፣ ሌሊት በሩን የሚያንኳኳው ሌባም ክላሽ ይዞ ይመጣል። በአካባቢው አውቶማቲክ መሣሪያ በበዛ ቁጥር የገበሬው ክላሽ የሚሰጠው ዋስትና ያንሳል።

ሌላው ዓለም እንዴት አደረገው?

አሜሪካ መሣሪያ መያዝን በሕገ መንግሥቷ መብት ያደረገች አገር ናት። እሷም ብትሆን አውቶማቲኩን ለይታ ታየዋለች። እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው ሕግ መትረየስን የመሰለ መሣሪያ እንዲመዘገብና በያንዳንዱ ዝውውር 200 ዶላር ግብር እንዲከፈልበት አዘዘ፤ በዚያ ዘመን ይህ ከባድ ገንዘብ ነበር። ከግንቦት 1986 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ አዲስ የተሠራ አውቶማቲክ መሣሪያ ለሲቪል እንዳይመዘገብ ተከልክሏል። ብሪታንያ መትረየስን ከሲቪል እጅ ያወጣችው ገና እ.ኤ.አ. በ1937 ነው።

ስዊዘርላንድ ለእኛ ቀረብ ያለ ትምህርት አላት። እዚያ የብሔራዊ ውትድርና ግዴታ ያለበት ዜጋ መሣሪያውን ቤቱ ያስቀምጣል። አገልግሎቱን ጨርሶ መሣሪያውን ለራሱ ማስቀረት ከፈለገ ግን ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ መሣሪያውም ነጠላ ብቻ እንዲተኩስ ተለውጦ ይሰጠዋል። ልማዱ ተከብሯል፤ አውቶማቲኩ ግን ቀርቷል።

አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1996 በፖርት አርተር 35 ሰዎች በአንድ ሰው ተኩስ ከተገደሉ በኋላ ግማሽ አውቶማቲክ ጠብመንጃዎችን ሳይቀር ከለከለች። መንግሥት ግን ዝም ብሎ አልነጠቀም፤ ዋጋ ከፍሎ ወደ 650,000 መሣሪያ ሰበሰበ። በሬ ሸጦ ክላሽ ለገዛ የአምባሰል ገበሬ ይህ ነጥብ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ካሣ የሌለበት ርክክብ ድብቆሽን ይወልዳልና።

ባለመሣሪያው ምን ያድርግ?

ፈቃድ ካለዎት፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የመሣሪያ ቁጥር መሣሪያው ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። ፈቃድ የሚሰጠው ለአንድ ሰው፣ በአንድ መሣሪያ ላይ ነው። መሣሪያውን ለዘመድ ማዋስም ሆነ መለወጥ ሁለታችሁንም ከፈቃዱ ውጭ ያደርጋችኋል። ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን ይወቁ፤ ዕድሳቱንም ቀኑ ሳያልፍ ይጠይቁ።

መሣሪያው የመንግሥት ከሆነ፣ ማለትም በሚሊሻነት ወይም በጥበቃ ሥራ የተሰጠዎት ከሆነ፣ የእርስዎ ንብረት አይደለም። ከሥራው ሲለቁ በደረሰኝ ይመልሱ፤ ደረሰኙን ያስቀምጡ።

አባትዎ ሞተው መሣሪያ ከተዉ፣ እንደ ሌላው ንብረት በቃል ተካፍሎ የሚወሰድ ነገር አይደለም። የሟች ፈቃድ ለልጅ አይሠራም። በሽማግሌ ወይም በቀበሌ ሊቀመንበር ፊት አስመስክረው ለፖሊስ ያሳውቁ፤ መያዝ ከፈለጉም በራስዎ ስም ይጠይቁ።

ወድቆ ያገኙት መሣሪያ፣ ቦምብ ወይም ያልፈነዳ ተተኳሽ ከሆነ አይንኩት። ሕፃናትን ያርቁ፤ ቦታውን በድንጋይ ወይም በእንጨት ምልክት አድርገው ለፖሊስ ይንገሩ።

በሰርግ፣ በለቅሶና በበዓል ወደ ሰማይ መተኮስ ልማድ ቢሆንም፣ ወደ ላይ የወጣ ጥይት ሁሉ ተመልሶ መሬት ላይ ያርፋል። ሰው ከመታ ደግሞ «አላየሁትም» የሚለው መልስ ከወንጀል ተጠያቂነት አያድንም። ወደ ገበያ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሕዝብ ወደሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ መሣሪያዎን ቤት ይተዉት። ቤትም ሲያስቀምጡ ካዝናውን ከመሣሪያው ለይተው፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ቆልፈው ይሁን።

የአስቸኳይ ጊዜ ትእዛዝ ወይም የአካባቢ እገዳ ሲወጣ በመደበኛው ጊዜ የሚሠራ ፈቃድ ለጊዜው ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ ከመንቀሳቀስዎ በፊት ይጠይቁ። መሣሪያዎን እንዲያስረክቡ ከተጠየቁ ደግሞ ቁጥሩ፣ ዓይነቱ፣ የጥይቱ ብዛት፣ የተቀባዩ ስምና ፊርማ ያለበት ወረቀት ሳይቀበሉ አይመለሱ። ይህን መጠየቅ እምቢተኝነት አይደለም፤ ሕጉ ራሱ ምዝገባን መሠረት ያደረገ ነው።

ለአስተዳደሩም የሚባል አለ። የምዝገባ ቦታ ከቀበሌው ሩቅ ከሆነ፣ ለምዝገባ የመጣ ሰው እንደ ወንጀለኛ ከታየ፣ የአንዱ መሣሪያ ተወስዶ የጎረቤቱ ከቀረ፣ ባለመሣሪያው ወደ መዝገቡ አይመጣም። መዝገብ የሌለው ቁጥጥር ደግሞ ጨዋውን ትጥቅ አስፈትቶ ሽፍታውን ይተዋል።

አውቶማቲክ መሣሪያ ቦታው በአዛዥና በሕግ ሥር ያለ ሠራዊት ነው። ክላሹን ከገበሬው ቤት ማውጣት የሚፈልግ መንግሥት መዝገቡን፣ ካሣውንና የሌሊት ጥበቃውን ይዞ ይምጣ። ገበሬውም እስከዚያ ድረስ መሣሪያውን በስሙ ያስመዝግብ፣ ፈቃዱን ያሳድስ፣ ምላጩን ለሰርግም ለንዴትም አይሳብ።